ሰርግ ቤት ያልፈተነው ባንድ
(ጎንደር ውስጥ ለጀማሪ ሙዚቀኞች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ጊታር ይዛችሁ የመጣችሁ ልጆች፣ እስቲ ጊታሩን ወደ ጎን አድርጉትና ፊታችሁን ልየው።

የጠራችሁኝ «ጎንደር የራሷ የሮክ ባንድ ሊኖራት ይችላል ወይ?» ብላችሁ ነው። አጭሩ መልስ ይችላል ነው። ረጅሙን ደግሞ አሁን አወራለሁ። እኔ የሙዚቃ ምሁር አይደለሁም። ዕድሜዬን ሰርግ ቤት ቤዝ ጊታር ስጫወት የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ወሬዬ ዞሮ ዞሮ ሰርግ ቤት ይገባል። ከወዲሁ ቻሉኝ።

ፎክ ሮክ የሚሉት ነገር ቀለል ተደርጎ ሲታይ የአገር ቤትን ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በቤዝና በድራም መጫወት ነው። ይህን የሚያደርግ ባንድ በየአገሩ ሞልቷል። አብዛኛው ግን ሲያዩት አገሩን ይመስላል፣ ዓይን ጨፍነው ሲሰሙት ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ጥበብ ይለብሳል። ፖስተሩ ላይ ግንብ ይለጥፋል። መሰንቆ መግቢያው ላይ ትንሽ ያስጮህና ወደ ለመደው ጊታር ይመለሳል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይሄ ነገር ያበሽቀኛል። ግንቡማ አፄ ፋሲል ካቆሙት ጀምሮ እዚያው አለ። እሱን ለማየት ባንድ አያስፈልግም።

የኔ እምነት ይሄ ነው፦ ባንድን የአገሩ ልጅ የሚያደርገው ልብሱ አይደለም። መሣሪያውም ብቻውን አያደርገውም። ፊቱ ተቀምጦ የሚመልስለት ሰው ነው የሚያደርገው። ያ ሰው ደግሞ ቲኬት ቆርጦ አይመጣም። የሚገኘው ሰርግ ላይ፣ ጥምቀት ላይ፣ አዝማሪ ቤት ውስጥ ነው።

ከሩቅ ልጀምር። ሎስ አንጀለስ ከተማ ምሥራቁ ክፍል የሜክሲኮ ተወላጆች የሚበዙበት ሠፈር ነው። እዚያ በ1973 እ.ኤ.አ. ሎስ ሎቦስ የሚባል ባንድ ተቋቋመ። ልጆቹ ያደጉት እንደናንተ ነው፤ ሮክ እየሰሙ፣ ኤሌክትሪክ ጊታር እየነካኩ። ከዚያ ግን ያልተጠበቀ ነገር አደረጉ። ኤሌክትሪኩን አስቀመጡና የወላጆቻቸውን ዘፈን መማር ጀመሩ። ሀራና የምትባል ትንሽ ጊታር አለች፤ ጊታሮን የሚባል ሆደ ሰፊ ቤዝም አለ። እነሱን ይዘው ለዓመታት በሰርግና በምግብ ቤት ተጫወቱ። አያቶች እየሰሙ፣ ልጆች በእግራቸው ሥር እየተሯሯጡ ማለት ነው። አያት ፊት የአያትን ዘፈን አበላሽቶ መጫወት እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ማንም አይሳደብም፣ ግን ፊቱን ያዞራል።

ኋላ ወደ ኤሌክትሪኩ ተመለሱ። መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1980 እ.ኤ.አ. የፓንክ ሙዚቃ ተመልካች ፊት የአገራቸውን ዘፈን ይዘው ወጡና እየተጮኸባቸው፣ ዕቃ እየተወረወረባቸው ወረዱ። ሰባት ዓመት ቆይቶ «ላ ባምባ»ን ተጫውተው አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሆኑ። ዘፈኑ መነሻው ቬራክሩዝ ከሚባለው የሜክሲኮ ግዛት ነው። እዚያ ሰርግ ላይ ይዘፈናል። ሙሽሮቹ እየጨፈሩ ወለል ላይ የተዘረጋ ሪባን በእግራቸው ይቋጥሩበታል፣ እጅ ሳይነካው። እንግዲህ አሜሪካንን አንደኛ ሆኖ ያዳረሰው የሰርግ ዘፈን ነበር። ከዚያ በፊት እነ ሪቺ ቫለንስ የሚባሉ ዘፋኞች በሮክ ተጫውተውታል፣ አዎ። እነዚህኞቹ ግን በሮክም በሰርግ ቤትም ያውቁት ነበር።

ሌላው ቲናሪወን የሚባለው ባንድ ነው። የሰሐራ ቱዋሬጎች ናቸው። መሪያቸው ኢብራሂም አግ አልሐቢብ ልጅ እያለ የመጀመሪያ ጊታሩን የሠራው ከቆርቆሮ ጣሳ፣ ከእንጨትና ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው። ካሴታቸው ከእጅ ወደ እጅ እየተገለበጠ በረሃውን አዳረሰ። በ2012 እ.ኤ.አ. ግራሚ የሚባለውን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ወሰዱ። ይህን የማነሣው «ዕቃ የለንም» ለምትሉት ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሁን ወደ ቤታችን።

አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ። የማትገቡም በመስኮት ሰምታችኋል። አዝማሪው መሰንቆውን እየገረፈ በሰው መሀል ይዞራል። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው እጁን ያነሣና «ተቀበል!» ይላል። ስንኙን ይወረውራል። አዝማሪው ያችኑ ስንኝ በዜማ ያወጣታል፣ ሰውየው ሁለተኛውን ይወረውራል፣ ቤት ይመታል፣ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። የተነካው ሰውም ዝም አይልም። እሱም «ተቀበል!» ይላል። ገጣሚው ተመልካቹ ነው፤ ዘፋኙ አፍ ሆኖ ያገለግለዋል። የሮክ ኮንሰርት ላይ ይሄ የለም። እዚያ መድረክ ላይ ያለው ይናገራል፣ ታች ያለው ይጮኻል።

ስለዚህ የመጀመሪያው የሥራ ምክሬ፦ ዘፈናችሁ ውስጥ ባዶ ቦታ ተዉ። እንዴት? ቤዙ አንድ ኖታ ላይ ይቆማል። ድራመሩ ሃይሃቱን፣ ያቺን ጥንድ ሳህን፣ ብቻ ይዞ ይቆያል። ጊታር ያርፋል። መሰንቆውና ድምፃዊው ወደ ሰው ይወርዳሉ። ስንት ስንኝ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም፤ ሁለት ሊሆን ይችላል፣ አሥር ሊሆን ይችላል። ባንዱ መቁጠር ትቶ የመሰንቆውን እጅ ማየት አለበት። የመግረፊያው ጭራ ከፍ ሲል ሁሉም አንድ ላይ ይገባል። ይህን ክፍል ውስጥ ብቻችሁን ተለማምዳችሁ አትችሉትም። ሰው ያስፈልጋል፤ ያውም ሞቅ ያለው ሰው።

አንድ ሰርግ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ጥር ነው፣ ድንኳኑ ጢም ብሏል። እኛ ኪቦርድ፣ ጊታር፣ ድራም፣ ትልልቅ ስፒከር ደርድረን አገር እናናውጣለን። መሰንቆ የያዘው ጓደኛችን ድምፁ ተውጦ የለም ማለት ይቻላል። ሙሽራዋ ገብታ ሰው እንደተነሣ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ አልነሣ አለ። የድንኳኑ ሰው በሞባይል ባትሪ ይተያያል። ባለመሰንቆው ጓደኛችን ሆዬ ቀስ ብሎ ወደ መሀል ገባና ጀመረው። ከበሮ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ብቻ መጣ። ሴቶቹ በጭብጨባ ያዙት። ከዚያ ከሙሽራው አጎቶች አንዱ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ «ተቀበል!» አሉት፦

ያ ሁሉ ስፒከር ተኛ መብራት አጥቶ፣
አንድ ጭራ አደረ ሰርገኛ አጫውቶ።

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ግጥሟ እኛ ላይ ነበረች፣ ስሟ ስፒከር ቢሆንም። ያን ዕለት የታየኝ ነገር አለ። ያ ጓደኛችን የተጫወተው ከኛ ጋር ሲጫወት የነበረውን ያንኑ ዜማ ነው። ልዩነቱ ሰው የሚገባበት ቦታ መኖሩ ነው። እኛ በሩን በድምፅ ዘግተነው ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ «ኤሌክትሪክ ይቅር» የሚል አለ። እኔ አልልም። መሰንቆ መጮህ ይችላል፣ አያያዙን ማወቅ ብቻ ነው። መሰንቆ ሆዱ ቆዳ ነው፣ የፍየል ቆዳ። ስለዚህ በአየር የመጣ ድምፅ ሁሉ ያንዘፈዝፈዋል። ሞኒተር (ወደ ተጫዋቹ የዞረው ስፒከር) ፊት ካቆማችሁት ማይኩ ያፏጫል። ሳውንድ ማኑ ደግሞ ፉጨቱን ለማጥፋት መሰንቆውን ራሱን ያጠፋዋል። የብዙ ባንድ መሰንቆ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ከቻላችሁ ፒክአፕ (ንዝረቱን ከመሣሪያው ላይ የሚቀበል ትንሽ ዕቃ) ክሩን ከቆዳው በምታነሣው ብርኩማ ሥር ለጥፉ። ካልቻላችሁ ትንሽ ማይክ ቆዳው ጠርዝ አጠገብ አስሩ፣ ሚክሰሩ ላይ ወፍራሙን ድምፅ ቀንሱ፣ ተጫዋቹን ከሞኒተሩ ጎን አቁሙት። ክረምት ላይ ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይለግማል፤ ከመድረክ በፊት እሳት ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ይሙቅ። ይህንን የሚያውቀው ሳውንድ ማን ሳይሆን ባለመሰንቆው ነው። ጠይቁት፣ አክብሩትም።

ሮክ ማለት ሻካራ ድምፅ ነው የምትሉ ከሆነ ደግሞ ሻካራ ድምፅ ከውጭ አልመጣብንም። በገናን አስቡት። አሥር አውታር አለው። አውታሩና ብርኩማው መካከል እንዝራ የሚሏት ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያ የሚነዝር፣ ደረት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ የሚመጣው ከእሷ ነው። ጊታሪስት ድምፁን ለማሻከር በእግሩ የሚረግጣት ሳጥን ከመሠራቷ ስንት ዘመን በፊት አባቶቻችን በቁራጭ ቆዳ ጨርሰውታል። ሽለላና ቀረርቶም አለላችሁ። ጉሮሮውን ሳያሻክር የሚፎክር ሰው አይቼ አላውቅም።

ምቱ ላይ ግን ትቸገራላችሁ። ሮክ አራት አራት እየቆጠረ ይሄዳል። የኛ ችክችካ ስድስት ነው፤ ሁለትም ሦስትም ሆኖ ይሰማል፣ እንደምትሰሙበት። እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻው አንዱን ሲይዝ እግሩ ሌላውን ይይዛል። ከሮክ የመጣ ድራመር ይህን ወደ አራት ሲያጠፍፈው ወዲያው ይታወቃል። ሰው መጨፈር አያቆምም፣ ትከሻው ግን ይሞታል። ድራመራችሁ እስክስታ ካልቻለ እስክስታ ይማር። ቀልዴን አይደለም።

ቅኝቱም እንደዚያው። ትዝታ ጊታር ላይ ያለ ብዙ ጣጣ ይቀመጣል። አንቺሆዬ ግን ይጎረብጠዋል። ጊታር አንገቱ ላይ ብረት ተተክሎበታል፤ ድምፁ የት እንደሚቆም አስቀድሞ ተወስኗል። ባለመሰንቆ ጭራውን በጣቱ ዳበስ ነው የሚያደርገው፤ አንገቱ ላይ እንኳን አይጫነውም። ልኩን የሚያገኘው በጆሮው ነው። ሁለቱ ሲጋጩ የሚሰማው ጉርብጥብጥ የመሰንቆው ጥፋት አይደለም። ጊታሪስቱ ክሩን ይለጥጥ፣ ስላይድ (ክሩ ላይ የሚንሸራተት ቱቦ) ይጠቀም፣ ቤዙ ብረት የሌለው አንገት ይኑረው። ደግሞ ድምፃዊቷ የመጣላትን ከፍታ እሷ ትምረጥ። ጊታሪስት ለእጁ የሚቀለውን ከፍታ ብቻ ሲመርጥላት ልጅቷ ወይ ታንቃለች ወይ ትጮኻለች። ካፖ (የጊታር አንገት ቆንጥጦ ከፍታውን የሚቀይር) ርካሽ ነው፣ ግዙ።

አሁን የከተማዋን ነገር ላንሣ። ጎንደር አርባ አራቱ ታቦት የሚባልላት ናት። በአታ የአቋቋም (የማሕሌት ዝማሬና ሽብሸባ) ትምህርት ማስመስከሪያ ነው፤ ከየአገሩ ተማሪ ይመጣበታል። አቋቋም ላይ ከበሮው በመረግድ ረጋ ብሎ ይጀምራል፣ ወደ ጽፋት ሲሻገር ይፈጥናል። መቋሚያው አብሮ ይነሣል ይወድቃል፣ ጸናጽሉ ይከተላል። ልጅ ሆናችሁ እናታችሁ ጀርባ ላይ ታዝላችሁ ሰምታችሁታል። ይህን ስል የቅኔ ማሕሌቱን ወደ መድረክ አምጡ ማለቴ አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ለቤተ ክርስቲያን ይቆይ። አዲስ ዓለም፣ የሙስሊሙ ሠፈር፣ ያደጋችሁትም መንዙማው ጆሯችሁ ውስጥ አለ፤ እሱም ቦታ አለው። እኔ የምለው፣ ዘፈን እንዴት ቀስ ብሎ ተነሥቶ እንደሚግል የማታውቁ ይመስል ከዩቲዩብ አትማሩ። ጆሯችሁ ያውቀዋል።

ከከተማው ወጣ ስትሉ ቡርቧክስ አለ፣ የአዝማሪዎች መንደር። ልጅ ከአባቱ፣ ከአጎቱ መሰንቆ ይማራል። ኖታ የለም፣ ሰርተፍኬት የለም። ትምህርቱ የሚያልቀው ሰው ሲሸልም ነው። አዲስ አበባ አዝማሪ ቤት ውስጥ መሰንቆ ሲገርፍ ከምታዩት ሰው ብዙው ከዚህ አካባቢ የሄደ ነው። እንዲህም ሆኖ እዚሁ ከተማ ውስጥ ልጁ «ባንድ ጀመርኩ» ሲል ደስ የሚለው ወላጅ «አዝማሪ ሆንኩ» ቢለው ቤቱን የሚያናውጥ አለ። ሥራው ያው ነው። ከሁለቱ ግጥም በቃሉ የሚፈጥረውም አዝማሪው ነው። ይህን ንቀት ወደ ባንዳችሁ ይዛችሁ ከገባችሁ መሰንቆው ለጌጥ ይቆማል፤ ሰውየውም ያውቅባችኋል።

ባንድ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አምጥተው የነፋስ መሣሪያ ባንድ አቋቋሙ፤ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያ የክብር ዘበኛው፣ የፖሊሱ፣ የሆቴሉ ባንድ መጣ። ያ ሁሉ ግን የአዲስ አበባ ታሪክ ነው። በክፍለ ሀገር ባንድ የሚመስል ነገር የተስፋፋው በደርግ ጊዜ በኪነት ቡድን ነው። ወሎ ላሊበላ፣ ጎጃም ግሽ ዓባይ፣ እኛ ጋ ፋሲለደስ። የፖለቲካ መዝሙር ነበረበት፣ እሱን አላስውብም። ነገር ግን የገጠሩን ጭፈራ፣ መሰንቆውን፣ ዋሽንቱንና ክራሩን አንድ መድረክ ላይ አሰልፎ ያስተማረ እሱ ነው። አሁን ያለንን «የባህል ባንድ» የሚባል ነገር ቅርፅ የሰጠው እሱ ነው፤ ወደድንም ጠላንም። ከዚያ ኪቦርድ መጣ። አንድ ሰው ከበሮውንም ቤዙንም ዋሽንቱንም በሁለት እጁ ጨረሰው። ሰርግ ረከሰ፣ እኛም ሥራ አጣን።

በሮክ በኩል ጃኖ ባንድ አለ። የመጀመሪያ አልበማቸው «ኤርታሌ» በ2012 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው። ሁለት ወንድ ሁለት ሴት ድምፃውያን ፊት ቆመው፣ ጊታሩ ከኋላ እያጓራ። የኛ ቅኝት ከባድ ጊታርን እንደሚሸከም ለብዙ ሰው ያሳዩት እነሱ ናቸው። የኔ ቅሬታ አንድ ነው፤ ሲሰሟቸው አገሩ በሙሉ ነው የሚሰማው፣ ሠፈር አይሰማም። ምናልባት ያሰቡትም ይህንኑ ይሆናል።

ሠፈር መስማት ለምትፈልጉ እቴነሽ ዋሴን ስሙ። የጎንደር ልጅ ናት፣ ከአዝማሪ ቤት የወጣች። ከፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ ሙዚቀኞች ጋር ሠርታለች፤ አንዳንዴ እሷና አንድ ቤዝ ብቻ ሆነው። እኔ ቤዝ ተጫዋች ስለሆንኩ ሊሆን ይችላል፣ ግን ልቤን የሚያቆመኝ እሱ ነው። ጥበብ የለም፣ ግንብ የለም፣ መሰንቆ እንኳን የለም። ድምፅዋ ሲሰበርና ሲሻክር ግን አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ቁጭ ትላላችሁ። የባንዱ ሰዎች እሷን ይከተላሉ፣ እሷ እነሱን አትከተልም።

አሁን ጥያቄ ልመልስ። አንዷ ልጅ ወረቀት ልካልኛለች፦ «ሰርግ ቤት የራሳችንን ዘፈን ማን ይሰማናል? የታወቀውን ካልተጫወትን ይባርሩናል።» እውነት ነው፣ ይባርሯችኋል። ስለዚህ አትቸኩሉ። ሙሽራ ሲገባ የታወቀውን ተጫወቱ፤ እዚያ ላይ ፍልስፍና የለም። ሰው እየበላ ሳለ አንዷን የራሳችሁን አስገቡ፣ በዝቅታ፣ ሳታስተዋውቁ። ማን አንገቱን ቀና እንዳደረገ እዩ። ከበላ በኋላ ባዶ ቦታ ያላትን ዘፈን አምጡና ማይኩን ወደ ሰው አውርዱ። መጀመሪያ የሚወረውረው ብዙ ጊዜ ከሚዜዎቹ አንዱ ነው፣ ግጥሙም ብዙ ጊዜ አይረባም። ተቀበሉት። ሁለተኛው የተሻለ ይሆናል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያውን ለመብለጥ ነው የሚነሣው። ሴቶቹ ካዜሙባችሁ ደግሞ ዜማውን ወደ እነሱ ወስዳችሁ ተከተሏቸው እንጂ አትጎትቷቸው። ክፍያ ቀብድ ሳትቀበሉ ዕቃ እንዳትጭኑ፤ ይሄ ከሙዚቃው ጋር ባይገናኝም ከሁሉም በላይ ያስፈልጋችኋል።

ሌላው ጥያቄ መሰንቆ ተጫዋች ከየት እናምጣ የሚል ነው። ጥር ሩቅ አይደለም፣ ስለዚህ ዛሬውኑ እንጀምር። ያ መብራት የጠፋ ዕለት የተጫወተው የባለመሰንቆው ጓደኛችን ልጅ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አፍሮ ነው እንጂ መሰንቆውም እግሩ ሥር አለ። ጊታር የያዛችሁት እንደጨረስን ቅሩ። የመሣሪያችሁን የድምፅ ልክ ግን እናንተ ከእሱ ላይ ውሰዱ፣ እሱ ከናንተ አይወስድም።